ከአርማታው በፊት ሉፑ፦ መኪና የሚለይ ሽቦ ከአዲስ የግቢ መግቢያ ሥር እንዴት ይቀበራል?

ደሴ ውስጥ ብዙው የግቢ መግቢያ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። መኪና አቁሞ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ከትቶ በር ለመክፈት መውረድ ያደክማል። በሐምሌ ዝናብማ ጭራሽ አይወራ። በሩን በሞተር ያደረገ ሰው ከዚህ ሁሉ ይገላገላል። ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይመጣል። መኪናው በሩ መሐል እያለ ቢዘጋበትስ?

ለዚህ የሚሆነው ሉፕ ነው። ከመግቢያው ሥር ተቀብሮ ከላዩ መኪና መኖሩን የሚለይ የሽቦ ጥቅል ማለት ነው። እኔ ኤሌክትሪሽያን ነኝ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ እሠራለሁ። የሚያሳዝነኝ፣ ብዙ ሰው የሚደውልልኝ ኮንክሪቱ ፈስሶ ከደረቀ በኋላ ነው። ያኔም መፍትሔ አለ፤ ኮንክሪቱን በዲስክ መቁረጥ ይቻላል። ግን መሬቱ ክፍት ሳለ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነበር። ስለዚህ መግቢያችሁን ልታሠሩ ከሆነ ግንበኛውን ከመጥራታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ሽቦው መኪናን እንዴት ያውቃል?

ብዙ ሰው ሉፕ ክብደት የሚመዝን ይመስለዋል። አይመዝንም። ዲቴክተር የሚባለው ትንሽ ሳጥን በሽቦው ውስጥ በጣም በፍጥነት የሚወዛወዝ ደካማ ኤሌክትሪክ ይልካል። በሰከንድ በአስር ሺዎች ጊዜ ይወዛወዛል። ሽቦው ዙሪያ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። የመኪናው ሆድ ሲመጣበት ብረቱ ላይ የራሱ ጅረት ይሽከረከራል። ያን ጊዜ የጥቅሉ ኢንዳክታንስ (መግነጢሳዊ መስክ የመፍጠር አቅሙ) ይቀንሳል፤ የውዝዋዜው ፍጥነትም ከፍ ይላል። ዲቴክተሩ ይህን ትንሽ ለውጥ አይቶ ሪሌውን (ለበሩ ሞተር ምልክት የሚሰጠውን ማብሪያ) ይመታል።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ። ቁም ነገሩ የብረቱ ስፋትና ለመሬት ያለው ቅርበት ነው። ዝቅ ያለች ትንሽ መኪና ከፍ ካለ አይሱዙ በተሻለ ትታያለች። ድንጋይ፣ ኮንክሪትና አስፋልት አያግዱትም። ፌሮ ግን ያዳክመዋል። የሚንቀሳቀስ ብረት ደግሞ ያሳስተዋል።

ሌላም አለ፤ ይህን ደግሜ ደጋግሜ ነው የምናገረው። ሉፕ ልጅ አያይም። በግና ፍየልም አያይም። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ከሆነ በሩ ላይ ፎቶሴል (በብርሃን ጨረር መሐል የሚያልፍን የሚለይ መሣሪያ) የግድ ይገጠም። ሞተሩም ሲነካ የሚመለስ ይሁን። "ሉፕ አለ፣ ምንም አይሆንም" ብላችሁ ልጅ በር ሥር እንዳትተዉ፤ አደራ።

ቦታውንና መጠኑን መወሰን

መጀመሪያ ሉፑ ምን እንዲሠራ እንደምትፈልጉ ወስኑ። በሩ መኪና ላይ እንዳይዘጋ ከሆነ በሩ ከሚያልፍበት መስመር አጠገብ ይሆናል። የሚወጣ መኪና ሲመጣ በሩ ራሱ እንዲከፈት ከሆነ ደግሞ ወደ ግቢው ውስጥ ገባ ብሎ፣ መኪናው ከበሩ በፊት በሚደርስበት ቦታ ይቀበራል። ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል። ያኔ በሁለቱ መሐል ቢያንስ 1 ሜትር ይኑር። ዲቴክተሮቹም በተለያየ ድግግሞሽ (የውዝዋዜ ፍጥነት) ይስተካከሉ፤ አለዚያ አንዱ ሌላውን ይረብሻል።

የእኛ አገር በር ብዙ ጊዜ ላሜራ ነው። ሲንቀሳቀስ ለሉፑ ልክ እንደ መኪና ነው። ስለዚህ ከተንሸራታች ላሜራ በር ቢያንስ 1 ሜትር ራቁ። በሩ እንደ ቤት መዝጊያ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ በሩ ከሚጠርገው ክብ ውጭ አድርጉት። ከማይንቀሳቀስ ብረት፣ ለምሳሌ ከምሰሶ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል።

ደሴ ላይ አንድ የተለየ ጣጣ አለ። ዳገት ስለሆነ በሩ ሥር የውሃ መውረጃ ቦይ ይሠራና በብረት ፍርግርግ ይከደናል። ፍርግርጉ ልል ከሆነ ጎማ ሲረግጠው ይነቃነቃል፤ ሉፑም መኪና ያየ ይመስለዋል። ወይ ሉፑን አርቁ፣ ወይ ፍርግርጉን በብሎን እሰሩት። ሁለቱንም ብታደርጉ ይሻላል።

መጠኑን ስትወስኑ ይህን ደንብ ያዙ። ሉፕ ወደ ላይ የሚያየው የአጭር ጎኑን ግማሽ፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። አጭር ጎኑ 1 ሜትር ከሆነ ከ50 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ያያል ማለት ነው። ይህ የሚቆጠረው ሽቦው ካለበት ጥልቀት እንጂ ከመሬቱ ወለል አይደለም። ለቤት መኪና 1 ሜትር ይበቃል። ኮምቦልቻ ላይ ሲኖትራክ የሚገባበት መጋዘን ከሆነ ግን አጭሩን ጎን ወደ 2 ሜትር አሳድጉት። ያለዚያ የፊተኛው ጎማ ካለፈ በኋላ በሁለቱ ጎማዎች መሐል ያለው ከፍታ ሉፑን ባዶ ያስመስለዋል፤ በሩም መሐል ወገቡ ላይ ይዘጋበታል። በወርድ በኩል ደግሞ ከመግቢያው ጠርዝ ግራና ቀኝ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉ።

ሽቦውና የዙሩ ቁጥር

ሽቦው ባለ ብዙ ክር፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር መዳብ ይሁን። ባለ አንድ ክር ደረቅ ሽቦ አትጠቀሙ። ኮንክሪት ሲሰነጠቅ ወይም ሲነቃነቅ ይበጠሳል። ሽፋኑ ወፍራም ቢሆን ይመረጣል። ከሉፑ እስከ ዲቴክተሩ አንድ ወጥ ሽቦ መሆን አለበት። ከመሬት በታች ቅጥያ ፈጽሞ አይፈቀድም። በናስትሮ ተጠቅልሎ የተቀበረ ቅጥያ ውሃ ያስገባል። የጊዜ ጉዳይ ነው እንጂ አይቀርም።

የዙሩ ቁጥር የሚወሰነው በሉፑ ዙሪያ ርዝመት ነው። ዙሪያው ከ10 ሜትር በላይ ከሆነ 2 ዙር፣ ከ6 እስከ 10 ሜትር ከሆነ 3 ዙር፣ ከ6 ሜትር በታች ከሆነ 4 ዙር። ከሥሩ ፌሮ ካለ አንድ ወይም ሁለት ዙር ጨምሩ። የዲቴክተሩ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የእሱን ተከተሉ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። በሩ 3.2 ሜትር ይሰፋል፤ ሉፑን 2.5 በ1 ሜትር አደረግነው። ዙሪያው 7 ሜትር ነው። 3 ዙር ይበቃው ነበር፤ ፌሮ ስላለ 4 አደረግነው። ለጥቅሉ 28 ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል። ዲቴክተሩ 8 ሜትር ቢርቅ ለመሄጃና መመለሻ 16 ሜትር ይጨመራል። ሲጠመዘዝ ያጥራል፤ ጫፍ ላይም ትርፍ ያስፈልጋል። 50 ሜትር ግዙ። የእንዲህ ያለ ሉፕ ኢንዳክታንስ ፌሮው ከሚቀንሰው በፊት 115 ማይክሮሄንሪ አካባቢ ይሆናል። የሽቦው ተቃውሞ ደግሞ ከ1 ኦም በታች ነው። አብዛኞቹ ዲቴክተሮች በዚህ ክልል ደህና ይሠራሉ።

ከጥቅሉ እስከ ዲቴክተሩ የሚሄዱት ሁለቱ ጫፎች መጠምዘዝ አለባቸው። በየሜትሩ ቢያንስ 20 ጊዜ። ካልተጠመዘዙ እነሱም እንደ ሉፕ ያያሉ፤ አጠገባቸው የሚያልፈውን ሁሉ ይይዛሉ። በእጅ መጠምዘዝ አታካች ነው። ሁለቱን ጫፎች ድሪል ላይ እሰሩና በቀስታ አዙሩት፤ ጓደኛ ሌላውን ጫፍ ወጥሮ ይያዝ። በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ይህን መስመር ከ220 ቮልቱ ጋር በአንድ ቱቦ አታስገቡ። የራሱ ቱቦ ይኑረው።

መሬቱን ማዘጋጀት

ሥራውን በበጋ አድርጉት። ወሎ ላይ በልግም ስላለ የካቲትና መጋቢት ሰማዩን አይታችሁ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ፣ ቦርከናን ይዞ ባለው በኩል፣ ጥቁር ዋልካ አፈር ያለበት ግቢ ያጋጥማል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከላዩ ያለውን ሁሉ ይዞ ይንቀሳቀሳል። ዋልካው ተቆፍሮ ይውጣና ገረጋንቲ ገብቶ በደንብ ይጠቅጠቅ። ይህ ለሉፑ ብቻ ሳይሆን ለመግቢያው ራሱ ነው።

አርማታ ከሆነ

የቤት መግቢያ ብዙ ጊዜ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይኖረዋል። ፌሮው ወደ ታች፣ ሉፑ ወደ ላይ። በመሐላቸው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ሉፑ ከኮንክሪቱ ወለል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል። ፌሮው ላይ በቀጥታ የታሰረ ሉፕ ግማሽ ዕውር ነው።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በሉፑ ልክ እቆርጣለሁ። አራቱን ጎን በቦታቸው አስተኛለሁ። ማዕዘኖቹን በ45 ዲግሪ ክርን እሰብራቸዋለሁ፤ ሽቦው በሹል ጥግ እንዳይታጠፍ። ክርኖቹን ሳልለጥፍ ሽቦውን ዙር በዙር አሳልፋለሁ። ሁሉም ዙር ወደ አንድ አቅጣጫ መዞር አለበት። አንዱ ዙር ወደ ኋላ ከሄደ የሌላውን ያጠፋል። ከዚያ ክርኖቹን በማጣበቂያ እዘጋለሁ። ቱቦው ውስጥ ሲሚንቶ ውሃ እንዳይገባ የምችለውን አደርጋለሁ።

የቱቦውን ክፈፍ ከፍ የሚያደርጉ የኮንክሪት ቁራጮች ከሥሩ አስገቡ። ስታስሩት በፕላስቲክ ማሰሪያ ይሁን። ኮንክሪት ሲፈስ ቱቦው ሊንሳፈፍ ስለሚችል በየ50 ሴንቲ ሜትሩ እሰሩት።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። ኮንክሪቱ እንዳይሰነጠቅ ሠራተኞች በማግስቱ በዲስክ መገጣጠሚያ መስመር ይቆርጣሉ። ያ መስመር የውፍረቱን ሩብ ወይም ሲሶ ይገባል። 15 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ላይ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ሉፑም ያለው እዚያው ነው! ስለዚህ መስመሩ በሉፑ ላይ እንዳያልፍ አስቀድማችሁ ከግንበኛው ጋር ተስማሙ። ሉፑ ከነክፈፉ መስመር ባልቆረጠው አንድ የኮንክሪት ሰሌዳ ውስጥ ይቅር። ወደ ዲቴክተሩ የሚሄደው መስመር መገጣጠሚያ ማለፉ ካልቀረ፣ እዚያ ቦታ ሰፋ ባለ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ ሽቦውም ትንሽ ይላላ።

ኮብልስቶን ከሆነ

ኮብልስቶን ለሉፕ ይመቻል። ቢበላሽ ድንጋዩን ነቅሎ መመለስ ይቻላል። ፌሮም የለበትም። ችግሩ ጥልቀቱ ነው። ድንጋዩ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከሥሩ አሸዋው ከ3 እስከ 5። ሽቦው ከወለሉ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ስለዚህ አጭሩን ጎን ከ1 ሜትር ወደ 1.3 ወይም 1.5 አሳድጉት። የተጠቀጠቀው ገረጋንቲ ላይ ለቱቦው ልክ የሆነ ቦይ ቆፍሩና ቱቦው ከቦዩ አፍ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። በአሸዋ ሙሉት። ድንጋይ ነጣፊዎቹ በመዶሻ ሲመቱ ቱቦው ላይ እንዳይደርስባቸው ነው። ለሠራተኞቹም አሳዩዋቸው፤ ቦታውን ካወቁ ይጠነቀቁለታል።

አስፋልት ከሆነ

የመኖሪያ ግቢ ላይ ብዙ አይገጥመኝም፤ ፋብሪካና መጋዘን ላይ ግን አለ። ትኩስ አስፋልት 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሆኖ ነው የሚነጠፈው። ተራ የቤት ሽቦ ሽፋን የተሠራው ለ70 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ወይ ሙቀት የሚችል ሽቦ ገዝታችሁ ከሥር ባለው ጠጠር ውስጥ ቦይ ቆፍራችሁ በአሸዋ ሸፍኑት፣ ወይ አስፋልቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በዲስክ ቁረጡ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ሮለሩ ሽቦውን አይጨፈልቀውም። ሲቆረጥ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ይበቃል። ማዕዘኖቹ እዚህም በሰያፍ ይቆረጡ። አቧራው ይነፋ፣ ቦዩ ይድረቅ፣ ሽቦው ይግባ፣ ከዚያ በሬንጅ ይዘጋ።

ሳይቀበር፣ ሲቀበር፣ ከተቀበረ በኋላ መለካት

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ሦስት ጊዜ ለኩ።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። ደሴ ላይ አንድ ግቢ ሠራሁ። ቁልቁለት ላይ ያለ አርማታ ነበር። ሽቦውን በቴስተር ፈተሽኩት፤ ጮኸ፤ አልተበጠሰም። በቃ ብዬ ኮንክሪቱ ፈሰሰ። ሜገሩ፣ የሽቦ ሽፋን መጎዳት አለመጎዳቱን የሚለካው መሣሪያ፣ መኪናዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። በጋውን በሩ እንደ ሰዓት ሠራ። ሐምሌ ሲገባ የቤቱ እመቤት ደወሉ። "ልጄ፣ በሩ ሌሊት ሌሊት ብቻውን ይከፈታል። ፈርተን መተኛት አልቻልንም" አሉኝ። "አብሽሩ እትዬ፣ እመጣለሁ" አልኳቸው። ሄጄ ስለካው ሽቦው ከመሬት ጋር ተገናኝቷል። ስንሰብረው የቱቦው መገጣጠሚያ ተላቆ፣ የተቆረጠ የፌሮ ጫፍ የሽቦውን ሽፋን ቧጥጦት ነበር። ደረቅ ሲሆን ችግር የለም። ውሃ ሲጠጣ ዲቴክተሩ ያብዳል። ቤተሰብ አንድ ወር ሙሉ በሥጋት ያደረው እኔ አሥር ደቂቃ ስለቆጠብኩ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመጀመሪያው ልኬት ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ነው። ከዲቴክተሩ ለዩትና የሽቦውን ተቃውሞ በቴስተር ለኩ፤ ከላይ ባሰላነው አካባቢ መሆን አለበት። ኢንዳክታንስ የሚለካ መሣሪያ ካላችሁ እሱንም መዝግቡ። ከዚያ በ500 ቮልት ሜገር በሽቦውና በፌሮው መሐል ለኩ። ጤነኛ አዲስ ሽቦ ከ100 ሜጋኦም በላይ ያሳያል።

ሁለተኛው ኮንክሪቱ እየፈሰሰ ሳለ ነው። ቴስተሩ ጫፎቹ ላይ ታስሮ ይጩህ። አካፋ ወይም ቫይብሬተር ሽቦውን ቢበጥስ ጩኸቱ ይቆማል፤ እናንተም ሥራውን ታስቆማላችሁ። ቫይብሬተር የያዘው ልጅ ቱቦው ላይ እንዳያሳርፈው አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሦስተኛው ኮንክሪቱ ፈስሶ ገና እርጥብ ሳለ ነው። ከሁሉም ውዱ ይሄ ነው። እርጥብ ኮንክሪት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የተጎዳውን ሽፋን ያጋልጠዋል። ሜገሩን በሽቦውና በፌሮው መሐል አድርጉት። ከ10 ሜጋኦም በታች ከወረደ አታመንቱ። ኮንክሪቱ ሳይጠነክር አንድ ሰዓት ገደማ አላችሁ። በእጅ ቆፍራችሁ አውጡትና ለውጡት። ግንበኛው ያኮርፋል፤ ያኩርፍ። ነገ ከመስበር ይሻላል።

ማገናኘትና ማስተካከል

ዲቴክተሩ ከሞተሩ ሳጥን ውስጥ ወይም አጠገብ ይቀመጥ። ውሃ በማይደርስበት፣ ከቁልቁለቱ ዝቅተኛ ቦታ ውጭ። ሉፑ በሩ መኪና ላይ እንዳይዘጋ ከሆነ ሪሌውን በሞተሩ ቦርድ ላይ ለመዝጊያ መከላከያ በተዘጋጀው መግቢያ አገናኙት።

የዲቴክተሩን ስሜት (ብረት የማየት ንቃቱን) ከመካከለኛው ደረጃ ጀምሩ። መኪና አስገቡ፣ አቁሙ፣ አውጡ። ከዚያ ባጃጅ ጥሩ። ባጃጅ በሉፑ መሐል ሲቆም ደካማ ነው የሚታየው፤ ጠርዙ ላይ ሲሆን ይሻላል። ሞተርሳይክልም እንዲሁ። እነዚህ ካልታዩ ስሜቱን አንድ ደረጃ ጨምሩ። በሩን ያለ መኪና ክፈቱና ዝጉ፤ ዲቴክተሩ መብራቱን ካበራ ላሜራውን እያየ ነው፤ ስሜቱን ቀንሱ። ከመሬት ከፍ ያለ የጭነት መኪና ካለ፣ መኪና ካየ በኋላ ስሜቱን ራሱ የሚጨምር ዲቴክተር ይመረጣል።

እኛ ጋ መብራት ይሄዳል፤ ይመጣል። ይህ ለሉፕ ልዩ ትርጉም አለው። ዲቴክተር ሲበራ ያለበትን ሁኔታ "ባዶ" ብሎ ነው የሚጀምረው። መኪና ከላዩ ቆሞ መብራት ሄዶ ከመጣ፣ ዲቴክተሩ መኪናውን እንደ መሬት ይቆጥረዋል። በሩ ሊዘጋበት ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የሚያስታውስ ዲቴክተር ፈልጉ፤ ካልተገኘ ከባትሪ ጋር አገናኙት። ሁለቱም ካልተቻለ ሉፑ ላይ መኪና አታቁሙ። ይህን ለዘበኛውም አስረዱት። ከዚያ ራሳችሁ ሞክሩት፤ መኪና አቁማችሁ ቆጣሪውን አጥፉና መልሱ።

ኮንክሪቱን ቢያንስ 7 ቀን ውሃ አጠጡት። ከባድ መኪና እስከ 28 ቀን ባይገባበት ይመረጣል።

መሬቱ ከመሸፈኑ በፊት ሜትር ዘርግታችሁ ሉፑን ፎቶ አንሱት፤ ከበሩ ምሰሶ ያለው ርቀት ይታይ። ፎቶውን አሳትሙና ከልኬቶቹ ጋር በሞተሩ ሳጥን ክዳን ውስጥ ለጥፉት፤ የዙሩ ቁጥር፣ ተቃውሞው፣ የሜገሩ ንባብ፣ ቀኑ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ኤሌክትሪሽያን ሲመጣ፣ ወይም የውሃ መስመር የሚቆፍር ሰው ዶማውን ሲያነሳ፣ መጀመሪያ የሚከፍተው ያን ክዳን ይሆናል።